ጥያቄና መልስ፦ የትኩረት ማነስ መድኃኒቶችና ልብ

መልስ የሚሰጡት በአሜሪካ የሚሠሩ የሕፃናት የልብ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ (የ9 ዓመት ልጅ እናት)፦ ዶክተር፣ ለልጄ ሪታሊን ታዞለታል። ልብ ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሪታሊንም ሆነ ሌላው የትኩረት መድኃኒት አደራል፣ ልብን የሚያነቃቃውን ኖርኤፒኔፍሪን የተባለ የሰውነት ኬሚካል ስለሚያበዙ የልብ ምት በአማካይ በደቂቃ ከ3 እስከ 6፣ የደም ግፊትም ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ይላል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ከዚህ በላይ ይጨምራልና ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይለካ። በ2011 የታተመና የ1.2 ሚሊዮን ሕፃናትንና ወጣቶችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በተጠቃሚዎች ላይ ከባድ የልብ አደጋ መጨመሩን አላገኘም።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ በውርስ የሚተላለፍና ተደብቆ የሚኖር የልብ ሕመም ነው። በእኛ በኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በወጣትነቱ የሞተ ሰው ታሪክ «ምች መታው» ተብሎ ይዘጋል፤ ለልጆችም አይነገርም። ስለዚህ በሐኪሙ ቅጽ ላይ «የለም» ብለው ከመሙላትዎ በፊት አገር ቤት ደውለው አያትን ይጠይቁ፦ 50 ዓመት ሳይሞላው ድንገት የሞተ ዘመድ አለ? ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ራሱን የሚስት አለ? ዋና እየቻለ ውኃ የበላው አለ? ልጁ ራሱ ሲሮጥ ደረቱን አሞት ወይም ወድቆ ያውቃል?

ጥያቄ፦ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2008 የአሜሪካ የልብ ማኅበር መግለጫ ይህን ውዥንብር ፈጥሮ ነበር፤ በኋላ ከሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጋር ሆኖ ውሳኔው የሐኪሙ እንደሆነ አብራርቷል። የቤተሰብ ታሪክን ግን ኢሲጂ አይተካውም።

ጥያቄ፦ ቫይቫንስ እወስዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት እቅማለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አብረው አይወሰዱም።

አባል 1፦ ጫት እኮ ቅጠል ነው፤ አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ቅመው ምንም አልሆኑም።

አባል 2፦ ወንድሜ፣ ከቃሙት መካከል በግፊት የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? ቡናስ ቢሆን ልብ ያስመታ የለ?

መልስ፦ ቡናን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ቫይቫንስ የአምፌታሚን መድኃኒት ነው፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገርም በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ሁለቱን መደረብ ልብን በአንድ ጊዜ ሁለት መድኃኒት ማብላት ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለማን? የትኛው? በምን መጠን? እባክዎ ዕድሜንና ያለውን ሕመም ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ልጃችን አዲስ አበባ ሳለች ሩማቲክ የልብ ሕመም ተገኝቶባት ነበር። አሁን ኮንሰርታ (እንደ ሪታሊን ያለ መድኃኒት) ጀምሪ ተብላለች።

መልስ፦ ለጻፉ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ይህን ታሪክ ላያውቅ ይችላልና ዛሬውኑ ይንገሩት፤ የልብ ሐኪም በአልትራሳውንድ የቫልቮቿን ሁኔታ አይቶ እስኪፈቅድ አትጀምር። ሩማቲክ የልብ ቫልቮችን የሚጎዳና በሀገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ እዚህ ያለ ሐኪም ግን ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

ጥያቄ፦ ልብ ይጎዳል ወይ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ጓንፋሲን ይሻላል ይባላል። ልጄን ልቀይርለት?

መልስ፦ ጓንፋሲን ለትኩረት ማነስ የሚሰጥ ግን አነቃቂ ያልሆነ መድኃኒት ነው፤ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። በራስዎ አይቀይሩ፣ በራስዎም አያቁሙ። ግፊቱ መቼ ተለካ?