«ለጥይት አልሰጥም» ያለው ባሌ እና ብሎካችን

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2014 ለግንባር መዋጮ ሲሰበሰብ ባሌ በብሎኩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ለቁስለኛ መድኃኒት ከሆነ የፈለጋችሁትን እሰጣለሁ፣ ለጥይት ግን አልሰጥም፤ ይደራደሩ» አለ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁንታ ሆንን። ትግራይ ዘመድ እንኳን የለንም እኮ! ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ ያልፍልናል ብዬ ነበር። ወዲያው የአማራ ክልሉ ውጊያ መጣ፣ እሱም ያንኑ ንግግሩን ደገመው፤ አሁን ለአንዱ ጎረቤት የመንግሥት ጆሮ ጠቢ፣ ለሌላው የፋኖ ደጋፊ ነን። ሰላምታ የለም፣ ቡና የሚጠራኝ የለም። አንድ ቀን በራችን ላይ በጠመኔ «ባንዳ» ተጽፎ አደረ፣ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ አነበበችው። ባለፈው ደግሞ የብሎኩ ቴሌግራም ላይ አንዱ «እነዚህን ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው» ብሎ ጻፈ። ባሌን ዝም በል ብለው አሻፈረኝ አለ። ከዕድሩ እንውጣ? ቤቱን አከራይተን ሌላ ሰፈር እንሂድ?
(ግራ የገባት ነኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከዕድሩ እንዳትወጡ። ይህን አስቀድሜ የምልሽ ብዙ ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚተወው እሱን ስለሆነ ነው። ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ወርሃዊውን በሰዓቱ ከከፈላችሁና ልቅሶ ካልቀራችሁ፣ ስለ ጦርነቱ ባላችሁ ሐሳብ ብቻ እናስወጣችሁ ቢሉ ደንቡን አምጡ በሉ። ደረሰኙን አስቀምጪ። ባልሽ ድንኳን ሲተከል ይገኝ፣ አግዳሚ ይሸከም፣ ማንም ባያናግረውም ቁጭ ብሎ ያምሽ። እዚያ ግን ፖለቲካ አይንካ!

የሚያኮርፉሽን ሁሉ ደግሞ አንድ ላይ አትፈርጂያቸው። በብሎካችሁ ልጇ የዘመተባት እናት አትጠፋም። እሷ «ለጥይት አልሰጥም» ሲባል የሰማችው «ልጅሽ ባዶ እጁን ይቁም» ተብሎ ነው። ባልሽ እንደዚያ ማለቱ እንዳልሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን፣ እሷ ግን ሌሊቱን ስልክ ስትጠብቅ የምታድር ሰው ናት፣ ማብራሪያ አትፈልግም። ብቻሽን ሂጂና ልጁን በስሙ ጠርተሽ «ደወለ ወይ?» በያት። ፊት ብትነሳሽም ሌላ ቀን ድገሚው።

ቴሌግራም ላይ የጻፈው ሰውዬ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በ1969 እና በ70፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በዚህ ከተማ አሰሳ ሲወጣ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደሚገባ፣ ማን ቤት ወረቀት እንደሚነበብ የሚያውቀው ጎረቤት ነበር። የጠቆመው ጎረቤት ነው፣ የሰው ልጅ ጓዳው የደበቀውም ጎረቤት ነው። በ2014ም ጥቅምት 23 ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰው ይያዝ ስለነበር፣ የጎረቤት ወሬ ብቻውን ጣጣ ያመጣ ነበር። አዋጁ የካቲት 8 ተነሳ። ሐምሌ 28፣ 2015 ደግሞ ለአማራ ክልል ሌላ ታወጀ፣ እሱም ጊዜው አልፏል። አዋጅ በሌለበት ጊዜ የተያዘ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በወረቀት ያለው ሁሌ በተግባር አለ ማለቴ አይደለም፣ ግን አንቀጹን የሚያውቅ ቤተሰብና ስልኩን የያዛችሁት ጠበቃ መኖሩ ለውጥ አለው።

ስለዚህ ከግሩፑ አትውጡ፣ ድምፁን አጥፉና እያንዳንዱን ዛቻ ስክሪንሾት አድርጉ። ስድቡ ወደ ብሔር ከዞረማ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስከትላል። በሩ ላይ እንደገና ቢጻፍ ከመጥረግሽ በፊት ፎቶ አንሺው። ልጅቷ ከጠየቀችሽም አትዋሺያት፤ «አባትሽ ጦርነት ይቁም ስላለ የተናደደ ሰው ነው» በያት፣ ትረዳዋለች።

ባልሽን ዝም በል ማለቱ አይዋጥልኝም። የተናገረው ነውር አይደለም፣ አስተባብል ቢባልም ማንም አያምነውም፤ እንዲያውም «ፈራ» ተብሎ ይባስበታል። ግን ቦታ ይምረጥ። በጽሑፍና በድምፅ መልእክት አይከራከር፣ ቃሉ ተቆርጦ ተቀጥሎ ሌላ ሆኖ ይዞራልና። በአካል፣ የሚያከብሩት አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ይናገር። እነዚያን ሽማግሌዎች ደግሞ ዛሬውኑ ፈልጓቸው፤ ነገ ፖሊስ መጥቶ «እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?» ቢል ከሃያ አኩራፊ ይልቅ «ሃይማኖት ያላቸው፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው» የሚል አንድ ሰው ይበቃችኋል።

ለመሄዱ አሁን አትቸኩሉ። አዲስ ሰፈር ስትገቡ ዋስ የሚሆናችሁ አንድም ሰው የለም፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ አዲስ ተከራይ ራሱ ይጠረጠራል። ነገሩ ከቃል አልፎ ድንጋይ ወደ መወርወር ወይም ልጅቷን መንገድ ላይ ወደ ማስፈራራት ከመጣ ግን ስለ ኪራይ አትጨነቂ። ልጅቷን በዚያው ቀን ዘመድ ቤት ላኪያትና ለፖሊስ አመልክቱ፣ ያመለከታችሁበትንም ቀንና የተቀበላችሁን ሰው ስም መዝግቡ፤ የቤቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።