«አንድ ብቻ» እያልኩ ሌሊቱ ይጋመሳል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አምባሳደር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከአምስት ወር በፊት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም እንዳይሰለቸኝ ብዬ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን የመደርደር ጌም ስልኬ ላይ ጫንኩ። አሁን ልጆቹ ከተኙ በኋላ «አንድ ብቻ» ብዬ እጀምርና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ዓይኔን ስጨፍን ጡቦቹ ሲወርዱ ይታዩኛል። አንገቴን ያመኛል፣ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። ባለቤቴ «ልጅ ሆንሽ እንዴ?» ይለኛል። የተማርኩ ሰው ሆኜ በዚህ ተራ ነገር መሸነፌ ያሳፍረኛል። ሱስ ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ማፈርዎን ይተዉት። እንዲህ ያለ ጌም የሚይዘን ሰነፍ ስለሆንን አይደለም። የሚይዘን ማብቂያ ስለሌለው ነው።

ሰፈር ውስጥ ዳማ የሚጫወቱትን ያስቡ። አንዱ ያሸንፋል፣ ቆርኪው ይሰበሰባል፣ ከሁለቱ አንዱ «መሸብኝ» ብሎ ይነሣል። የእርስዎ ጌም ግን ተነሥቶ የሚሄድ ባልንጀራ የለውም። የዚህ ዓይነት ጌም አባት የሆነውን ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው፣ ጡቦቹ እየፈጠኑ መጥተው በመጨረሻ ተጫዋቹን የሚያሸንፉበት ጨዋታ አድርጎ ነው። በደንብ የደረደሩት ረድፍ ወዲያው ይጠፋል፤ ያበላሹት ግን ተቆልሎ ዓይንዎ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያቆሙት በስሕተት ላይ፣ «ለጥቂት ነው!» በሚሉበት ሰዓት ነው። እንደገና ለመጀመር ደግሞ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። በዚያች ቅጽበት ስልኩን ማስቀመጥ ለማንም ከባድ ነው፤ ለተማረም ላልተማረም።

ሌላም አለ። ከጡቦቹ መካከል የሚጠብቁት ያ ረጅሙ፣ ዘንግ የሚመስለው፣ መቼ እንደሚመጣ አያውቁም አይደል? ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ርግቦች ቁልፍ እየጠቆሙ እህል የሚያገኙበትን ሣጥን ሠርቶ ነበር። እህሉ በስንተኛው ጥቆማ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ርግቦቹ ያለ ዕረፍት ይጠቁሙ ነበር። የእኛም አንጎል ያልጠበቀውን ሽልማት ሲያገኝ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ይለቃል። ለንደን ውስጥ በ8 ወንዶች ላይ ተሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ታንክ የሚነዱበት ጌም ሲጫወቱ ይህ ንጥረ ነገር ሲለቀቅ በአንጎል ምስል አሳይቷል። ሰውን የቁማር ማሽን ፊት አስቀምጦ የሚያስቀረውም ይኸው ነው።

ዓይንዎን ሲጨፍኑ ስለሚታዩዎት ጡቦች አይሥጉ። ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቴትሪስ ከተጫወቱ ሰዎች ብዙዎቹ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱ ቅርጾችን አይተዋል። መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ የመርሳት ችግር ያለባቸው አንዳንድ ሰዎችም አይተዋል። አንጎል የቀኑን ሥራ ማታ መልሶ ሲያገላብጥ ነው።

ሱስ ነው ወይ ላሉኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሕመምን አካቷል። ሦስት ነገር ይፈለጋል። ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩም መቀጠል። ይህም ኑሮን በጉልህ እያናጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። እርስዎ ሥራዎን ይሠራሉ፣ ልጆችዎን ያሳድጋሉ፤ ከጻፉልኝ ተነሥቼ ይህ ሕመም አለብዎት አልልም። እንቅልፍዎ ግን እየተጎዳ ነው፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ልቤን የነካው «ልጆቹ ከተኙ በኋላ» ያሉት ነው። ከሥራ፣ ከታክሲ ሰልፍ፣ ከምጣድና ከልጆች የቤት ሥራ የተረፈችው የእርስዎ ሰዓት ያቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጌሙ ሐሳብዎን ያስረሳዎታል፤ አያሳርፍዎትም። ባለቤትዎ ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል፤ ከመቆጣት ይልቅ አመሻሹ ላይ ግማሽ ሰዓት ልጆቹን ቢይዙልዎት፣ እርስዎም ሻይዎን ይዘው ቢቀመጡ፣ ያ ሰዓት ወደ ሌሊት ባልተገፋ ነበር።

ጌሙን የግድ አጥፉት አልልም። ማብቂያ ያለው ቦታ ይስጡት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጫወቱ፤ ተራዎ ሲደርስ ያበቃል። «ሦስት ዙር ብቻ» የሚለው ውል አይሠራም፤ አራተኛውን የሚከለክል የለምና። ማታ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ ለጠዋት መነሻ ደግሞ ተራ የማንቂያ ሰዓት ይግዙ። «ተመለሺ» እያለ የሚጠራዎትን መልእክት ከስልኩ ማስተካከያ ያጥፉት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅዎ ስልክ ይፈልጋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ዓይንዎን የሚቆጠቁጥዎት ስክሪን ስናይ መርገብገብ ስለምንቀንስ ነው። በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ ይመልከቱ። ስልኩን ከጭንዎ ላይ አንሥተው ወደ ዓይንዎ ትይዩ ቢያቀርቡት አንገትዎም ይቀለዋል። ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ወይም እጅ ካደነዘዘ ግን ይታዩ።

ስልኩ ሳሎን ካደረ ከሁለት ሳምንት በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ ልብዎ ከከበደ፣ ወይም ለጌሙ ገንዘብ መክፈል ከጀመሩ፣ አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያዎ ያለ የአእምሮ ጤና ክፍል ሄደው ለእኔ የጻፉልኝን ሁሉ ሳይቀንሱ ይንገሯቸው።