ጂፒኤዋን በሹክሹክታ ለነገረችኝ ልጅ፣ ለእናንተም

ሰሞኑን ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን አንዲት የወዳጄ ልጅ ስልኳን አውጥታ ትራንስክሪፕቷን አሳየችኝ። ጂፒኤዋ፣ የኮሌጅ ግሬዷ አማካይ ማለት ነው፣ ከ4.0 2.9 ይላል። ቁጥሩን ስትናገር ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ በሽታዋን የምትነግረኝ ነው የሚመስለው። "ጋሼ፣ በዚህ ጂፒኤ ደህና ሎው ስኩል፣ ደህና የሕግ ትምህርት ቤት የሚቀበለኝ ይመስልዎታል?"

"የእኔ 2.7 ነበር" አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

ቀልድ አይደለም። ኮሌጅ እያለሁ ማታ ማታ ዲሲ መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ከሥራ የምወጣው ሲነጋ ነው፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ኬሚስትሪ ምን ያደርግልሃል ብትሉኝ፣ ቤተሰብ ዶክተር ሊያደርገኝ ቆርጦ ተነስቶ ነበር። ዲ አገኘሁ። ደግሜ ወሰድኩት፤ ሲ ማይነስ። ያን ጊዜ ሥራው ነው የጎዳኝ እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሥራው ነው፣ ግማሹ እኔ ነኝ። ቤተሰቤን በአፌ እምቢ ማለት ስላቃተኝ በግሬዴ እምቢ አልኩ።

መጀመሪያ መራራውን ልንገራችሁ። ሎው ስኩሎች የሚያዩት ኮሌጃችሁ ያሰላላችሁን ቁጥር ብቻ አይደለም። ማመልከቻውንም ፈተናውንም የሚያስተናግደው ኤልሳክ የሚባል ድርጅት አለ። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን እስክትይዙ ድረስ የወሰዳችሁትን ሁሉ ከየኮሌጁ ሰብስቦ እንደገና ያሰላዋል። የደገማችሁት ኮርስ ካለ፣ ኮሌጃችሁ አሮጌውን ቢተውላችሁም፣ ሁለቱም ግሬድ ትራንስክሪፕቱ ላይ እስካለ ሁለቱንም ይቆጥራል። ማስተርስ መሥራት ጥሩ ነው፤ ያንን ቁጥር ግን ንቅንቅ አያደርገውም። ገና ኮሌጅ ያላችሁ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። የጨረሳችሁ ግን ያ ሒሳብ ተዘግቷል። (አገር ቤት ተምሮ ለመጣ ነገሩ ይለያል። ኤልሳክ የአገር ቤቱን ግሬድ ወደ 4.0 አይመነዝርም፤ ደረጃውን በቃላት ነው የሚገልጸው።)

ክፍት የቀረው ሒሳብ የሎው ስኩል መግቢያ ፈተናው፣ ኤልሳት ነው። ከ120 እስከ 180 የሚታረም ፈተና። ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጡት ለመረዳት የትምህርት ቤቶቹን ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሎው ስኩል በዓመቱ የገቡትን ተማሪዎች ውጤት ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታው ነው። 509 ሪፖርት ይሉታል፤ ዲሴምበር ላይ ይወጣል፣ በነፃ ታነቡታላችሁ። እዚያ ላይ ሁሉም ሰው የሚያየው የመሀሉን ቁጥር ነው። ተማሪዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ብታሰልፏቸው መሀል ላይ የሚቆመው ልጅ ውጤት ማለት ነው።

ቀዳዳው ያለው እዚህ ጋ ነው። የጂፒኤ መሀሉ 3.9 ለሆነ ትምህርት ቤት፣ 2.7ም 3.7ም ለዚያች ቁጥር ያው ከመሀል በታች ናቸው። ኤልሳታችሁ ከመሀላቸው በላይ ከሆነ ግን በዚያ በኩል ትጠቅሟቸዋላችሁ። እንዲህ ያለውን አመልካች ስፕሊተር ይሉታል። በእርግጥ ስፕሊተር የማይወድ ትምህርት ቤትም አለ። ዬልና ሃርቫርድ በ2022 ዩኤስ ኒውስ ከሚያወጣው የትምህርት ቤቶች ደረጃ ምደባ ራሳቸውን ካገለሉ በኋላ፣ ደረጃ አውጪው ለእነዚህ ቁጥሮች የሚሰጠውን ክብደት ቀንሷል። ትምህርት ቤቶቹ ግን ዓይናቸውን ከመሀሉ ያነሱ አይመስለኝም።

የእኔ የመጀመሪያ የሙከራ ውጤት 149 ነበር። ያኔ ተመርቄ ቀን ቀን አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ አስተርጓሚና ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ማታ ያችው ፓርኪንግ ነኝ። እግሬ ሥር ማሞቂያ፣ ጉልበቴ ላይ መጽሐፍ። በፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ነበር ጥያቄ የምሠራው። 14 ወር ፈጀብኝ፤ 168 አመጣሁ።

ምን ረዳህ ካላችሁ፣ አንድ ደብተር። የተሳሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ ሳይሆን፣ ልክ ነኝ ብዬ ምዬ የተሳሳትኩትን ብቻ እጽፍበት ነበር። ከሥሩ ምን እንደሸወደኝ። ብዙውን ጊዜ አንዲት ቃል ናት። ጽሑፉ "አንዳንድ" ሲል እኔ "አብዛኛው" ብዬ አንብቤያለሁ። ይህን ነገር ቀን ሥራዬ ላይም አውቀው ነበር። ጥገኝነት ጠያቂው "አንዳንዴ ይመጡብን ነበር" ሲል አስተርጓሚው "ሁልጊዜ" ብሎ ከተረጎመው ሰውየው ዳኛ ፊት ውሸታም ሆኖ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ፈተናው ሥራዬ መሰለኝ።

እናንተ ከእኔ የሚሻላችሁ ነገር አለ። በእኔ ዘመን ሁለቴ ከተፈተንክ ትምህርት ቤቶች አማካዩን ነበር የሚይዙት። ከ2006 ወዲህ ሪፖርት የሚያደርጉት ከፍተኛውን ነው። ያን ራስ የሚያዞር፣ የሎጂክ ጨዋታ የሚሉትን የፈተናውን ክፍልም ከኦገስት 2024 ጀምሮ አውጥተውታል። ግን በዕድሜ ልካችሁ የሚፈቀድላችሁ 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ "እስቲ ልሞክረው" ብላችሁ አንዱን አታባክኑ። መሞከሪያ ፈተና ሞልቷል።

ታዲያ 168 ይዤ በመጀመሪያው ዓመት ያመለከትኩበት ሁሉ አባረረኝ። ሁለት ነገር አጥፍቼ ነበር። አንደኛው፣ ያመለከትኩት ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሎው ስኩሎች ማመልከቻ እንደመጣ እያዩ ወንበር ይሞላሉ። እኔ ስደርስ ድግሱ አልቆ ሳህን እየታጠበ ነበር።

ሁለተኛው የሚያሳፍረኝ ነው። ለዝቅተኛ ጂፒኤ ማብራሪያ ማያያዝ ይፈቀዳል፤ አደንደም ይባላል። የእኔ ሦስት ገጽ ነበር። ስደቱ፣ ሌሊቱ፣ ብርዱ፣ የእናቴ እንባ፣ ምኑ ቅጡ። በዓመቱ ለጠበቃው አለቃዬ አሳየሁት። ቀይ እስክሪብቶ አነሳ። ሲጨርስ ስድስት ዓረፍተ ነገር ቀረኝ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት እሠራ እንደነበር፣ የማልፈልገውን ትምህርት መያዜ፣ ከለወጥኩ በኋላ ባሉት ሦስት ሴሚስተሮች ውጤቴ ምን እንደነበር። "ይህ ለቅሶ ቤት አይደለም" አለኝ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ያለው ይህንኑ ነው። የእናቴን እንባ ከዋናው ድርሰትም አወጣሁት። በምትኩ ስለዚያ "አንዳንዴ" ስለሚለው ቃል ጻፍኩ።

በሁለተኛው ዓመት ያንኑ 2.7፣ ያንኑ 168 ይዤ ኦክቶበር ላይ አመለከትኩ። አንድ ከላይ የሚሰለፍ ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ውስጥ አስገባኝ፤ ጁላይ ላይ ደወሉ። አንድ። የቀሩት አሁንም እምቢ ብለዋል።

ሌላ መንገድ አለ፤ ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት ገብቶ ከአንደኛ ዓመት በኋላ መዛወር። እዚሁ ዲሲ ጆርጅታውን በየዓመቱ ብዙ ተዛዋሪ ይቀበላል። ነገር ግን የአንደኛ ዓመት ግሬድ በከርቭ፣ ማለትም ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እያወዳደሩ ነው የሚሰጠው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅም የሚያስበው ያንኑ ነው። መመረቅ የማትፈልጉበት ትምህርት ቤት በመዛወር ተስፋ አትግቡ።

ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር ብትሉኝ፣ የረገጣችሁትን ኮሌጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት አስወጡ። የእኔ ኮሌጅ የሰጠኝ 2.8 ነበር። ኤልሳክ 2.7 ሲለኝ ተሳስተዋል ብዬ ስልክ ልደውል ነበር። ለካስ አንድ ክረምት ሌላ ኮሌጅ ተመዝግቤ፣ ሳልሰርዝ የተውኩት ኮርስ ኤፍ ሆኖ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝም አለች። ቆይታ፣ "በኮቪድ ጊዜ ኦንላይን የጀመርኩት አንድ ኮርስ ነበር... እንዴት እንዳለቀ አላውቅም" አለች። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለሬጂስትራሩ ኢሜይል ጻፍን።