ስለ ሴናተር ኦማር ፋቴህና ስለ ሚኒሶታ ሴኔት ጠይቁኝ (የኢሚግሬሽን ኬዝ አላይም!)

ጋሽ ሜትር፦ እሺ ቃሌን አክብሬ ዛሬ አፑን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። የኡበርና ሊፍት ሾፌሮች ቢል (የህግ ረቂቅ) በቀረበ ጊዜ ሴይንት ፖል ካፒቶል እየተመላለስኩ ኮሚቴ ስሰማ የነበርኩ ሰው ነኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን፣ ስቴት ሴናተር ሌላ ዋሽንግተን ያለው ሴናተር ሌላ ነው። ስቴቱ ግሪን ካርድ አይሰጥም፣ ቪዛ አያስቸኩልም። ተግባባን?

ሰላም_ብሩክሊን ፓርክ፦ ጋሼ ሰውየው ማነው በአጭሩ? ስሙን ብቻ ነው የምሰማው።

ጋሽ ሜትር፦ ወላጆቹ ሶማሌ ናቸው፣ እሱ የተወለደው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን በህዝብ አስተዳደር ይዟል። 2020 ላይ የራሱ ፓርቲ (ዲሞክራት) ፕራይመሪ ላይ፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ምርጫ ማለት ነው፣ ወንበሩ ላይ የነበረውን ጄፍ ሄይደንን አሸንፎ ገባ፣ ሚኒሶታ ሴኔት የገባ የመጀመሪያው ሶማሌ አሜሪካዊ ሆነ። ዲስትሪክት 62፣ ደቡብ ሚኒያፖሊስ።

ተስፋዬ ነኝ፦ የአሳይለም ኬዜ 6 አመት ሆነው፣ ለሱ ብጽፍለት ይረዳኛል?

ጋሽ ሜትር፦ አይረዳህም። ከላይ አንብብ። ፌደራል ነው፣ የኮንግረስ ተወካይህ ቢሮ ደውል።

ሊሊ_የኡበሩ፦ ለኛ ለሾፌሮች ግን በትክክል ምን አደረገ? ሁሉም ሰው አደረገ ይላል፣ ምኑን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ጋሽ ሜትር፦ እቱ ይሄን ነው የምጠብቀው። 2023 ላይ ፋቴህ በሴኔት፣ ሆዳን ሀሰን በሀውስ (በስቴቱ ሌላኛው ምክር ቤት) በኩል የሾፌሮችን ዝቅተኛ ክፍያ የሚወስነውን ቢል ይዘው ወጡ፣ በሁለቱም አለፈ፣ እኛ ጨፈርን፣ ከዛ ሜይ 25 ገቨርነር ዋልዝ ቪቶ አደረገው (አልፈርምም ብሎ መለሰው)። ገቨርነር ከሆነ ጀምሮ የመጀመሪያው ቪቶው ነበር፣ እኛ ላይ ጀመረ ማለት ነው። ቪቶ ያደረገ ቀን ራሱ ኮሚቴ ይጠና ብሎ አቋቋመ። 2024 ማርች ላይ ደሞ ሚኒያፖሊስ ከተማ የራሱን ህግ አወጣ፣ በማይል 1.40 ዶላር በደቂቃ 51 ሳንቲም፣ ሜየሩ ቪቶ አለ፣ ካውንስሉ ቪቶውን 10 ለ 3 ሻረው። ኡበርና ሊፍት ከተማውን ለቀን እንሄዳለን አሉ። ያኔ ነው የፋቴህ ብልጠት የገባኝ፣ ሴኔቱ 34 ለ 33 ነው፣ ከዲሞክራቶቹ አንድ ሰው፣ እሱ ራሱ ማለት ነው፣ እጁን ካጠፈ ምንም አያልፍም። ሴሽኑ የሚዘጋበት የመጨረሻው ሌሊት ሜይ 19 ላይ የስቴቱ ህግ አለፈ፣ ዋልዝም ፈረመ። በመላው ስቴት በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም፣ የከተማው ህግ ተነሳ።

አሁን ሂሳቡን ስሩት። 10 ማይል 20 ደቂቃ የፈጀ ራይድ በስቴቱ 12.80 ሲደመር 6.20 = 19 ዶላር። በከተማው ቢሆን 24.20 ነበር። ስለዚህ አሸነፍን የሚለውም ተሸጥን የሚለውም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ለኔ ግን ከሳንቲሙ ይልቅ ዲአክቲቬት ሲያደርጉህ ምክንያት እንዲነግሩህና ይግባኝ እንድትል የሚለው ይበልጣል። እኔ አንዱ ካምፓኒ (ስሙን አልጠራም) ቅዳሜ ማታ አካውንቴን ዘግቶት ሳምንት ሙሉ ከሮቦት ጋር ስጻጻፍ ነበር፣ ሰው የሚባል አላገኘሁም።

ዳኒ_ማታ_ማታ፦ ጋሼ ይቅርታ ግን ዋጋ ሲጨምር ተሳፋሪው ሸሸ፣ እኔ ድሮ አርብ ማታ አልቀመጥም ነበር።

ሊሊ_የኡበሩ፦ ተሳፋሪው የሚከፍለውን እኮ ካምፓኒው ነው የሚወስነው፣ ህጉ የወሰነው ያንተን ድርሻ ነው!

ዳኒ_ማታ_ማታ፦ የኔ ድርሻ ሲጨምር እነሱ ከኪሳቸው ይሸፍናሉ ብለሽ ነው? ቂቂቂ

ሊሊ_የኡበሩ፦ ባዶ መኪና ነድተህ 4 ዶላር ስታገኝ ይሻልህ ነበር በቃ።

ጋሽ ሜትር፦ ዳኒ፣ ሰአቱን የሚቆጥረው ተሳፋሪ ከገባ በኋላ ነው፣ ፓርኪንግ ላይ የተኛህበትን ማንም አይከፍልህም። ይሄን ጉድለት ከልብህ ከሆነ ለተወካይህ ጻፍ፣ እዚህ ሊሊን አትጨቅጭቃት።

ማርታ እናት፦ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነች። ነጻ ኮሌጅ የሚባለው የሱ ነው?

ጋሽ ሜትር፦ አዎ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ፣ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ የገፋው ነው። ከ2024 ፎል ጀምሮ የቤተሰብ ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች ከሆነ በስቴቱ የመንግስት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ቱዩሽንና ፊ ይሸፈናል። ሌላ ግራንት ካላት መጀመሪያ እሱ ይቆጠራል፣ የቀረውን ይሄኛው ይሞላል። የግል ኮሌጅ የለበትም፣ ዶርምና ምግብም የለበትም። ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት እርዳታ ፎርም) ሳትሞላ ምንም የለም፣ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ደሞ የሚኒሶታ ድሪም አክት ማመልከቻ አላቸው።

ከበደ 651፦ ወረቀት የሌለውም ሰው መንጃ ላይሰንስ እንዲያገኝ የፈቀደውን ህግም እሱ ነው ያወጣው?

ጋሽ ሜትር፦ አይ፣ ያ በሴኔት የዘይነብ መሐመድ ቢል ነው፣ 2023 ማርች ተፈርሞ ኦክቶበር 1 ስራ ላይ ዋለ። ላይሰንስ ወሰዳችሁ ማለት ግን ትመርጣላችሁ ማለት አይደለም! ዜጋ ያልሆነ ሰው ሬጂስተር አያድርግ፣ አንድ ፊርማ ዜግነታችሁን ያስቀራል። ግሪን ካርድም ቢሆን አይቻልም።

ሄኖክ ጂ፦ ሁሌ ሶማሌ ሶማሌ፣ የኛ ሰውስ የት ነው ያለው?

አበባ_ሚድዌይ፦ የኛ ሰው መንደር ለመንደር ሲጣላ ነዋ። የነሱ ሰፈር ሰው በር ሲያንኳኳ እኛ ግሩፕ ላይ ስንሰዳደብ።

ሄኖክ ጂ፦ አንቺ ደሞ ፖለቲካ ጀመርሽ።

ጋሽ ሜትር፦ ሄኖክ፣ ሶማሌ አሜሪካዊቷ ኢልሀን ኦማር 2016 ላይ የሚኒሶታ ሀውስ ስትገባ ያሸነፈቻት ፊሊስ ካን 44 አመት የተቀመጠች ሴት ነበረች። ያ የተሰራው ኖቬምበር ላይ አይደለም፣ ኦገስት ፕራይመሪ ላይ ነው። ፕራይመሪ ላይ የሚወጣው ሰው ትንሽ ነው፣ የአንድ ቤተክርስቲያን ምእመን ቢወጣ ውጤት ይቀይራል። እኛ ለተዝካር 400 ሰው እንሰበስባለን፣ ለፕራይመሪ ቀኑን እንኳ አናውቅም። የምርጫው ቀን እዛው ሬጂስተር ማድረግ ይቻላል እኮ (ዜጋ ከሆናችሁ፣ ደገምኩት)።

ዮኒ፦ ስለ ፖሊሲው ትንሽ አብራራልን።

ጋሽ ሜትር፦ የትኛው ፖሊሲ? ከላይ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ስለምንድነው?

ዮኒ፦ በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

ጋሽ ሜትር፦ በአጠቃላይ የሚባል ቢል የለም ወንድሜ።

ራሄል ቲ፦ የሚኒያፖሊስ ሜየርነቱስ?

ጋሽ ሜትር፦ 2025 ተወዳድሮ በጄከብ ፍሬይ ተሸነፈ። የፓርቲው ድጋፍ ተሰጠው፣ ከዛ ተነጠቀ፣ ረጅም ጣጣ ነው፣ አልገባበትም።

ተስፋዬ ነኝ፦ ወርክ ፐርሚትስ ጋሼ? እሱም ፌደራል ነው?

ጋሽ ሜትር፦ ተስፋዬ!!!

ሊሊ_የኡበሩ፦ እኔ ኮሚቴ ፊት መናገር እፈልጋለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ግን ይሰናከላል።

ጋሽ ሜትር፦ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም፣ እንግሊዝኛም ማሳመር የለብሽም። ቀድመሽ የኮሚቴውን ቢሮ ኢሜል አድርጊ፣ ስምሽን ያስይዙልሻል፣ አስተርጓሚም ጠይቂ። የሚሰጥሽ ሁለት ደቂቃ ነገር ነው፣ ስለዚህ ከስደት ታሪክሽ አትጀምሪ፣ ሁሉም ከዛ እየጀመረ ሰአቱ ያልቅበታል። አንድ ራይድ ምረጪ፣ ከየት ወዴት፣ ስንት ማይል፣ ተሳፋሪው ስንት ከፈለ፣ አንቺ ስንት ደረሰሽ። ስክሪንሾቱን አትመሽ ያዢ። አንድ ልጅ 2023 ላይ እንደዛ ሲያደርግ ሲያወሩ የነበሩት ሴናተሮች ሁሉ ቀና ብለው አዩት። ዚፕ ኮድሽን ላኪልኝና የማን ዲስትሪክት እንደሆንሽ አይልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር ግን፣ እዚህ አድራሻ አትጻፉ።