ሃይሉክስህ የፊት ጎማውን ከውስጥ እየበላ ነው? ቆይ፣ ጎማ አትግዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ወረታ ነው የምሠራው፣ ሃይሉክስ አለኝ፣ የሁለቱም የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዝ እያለቀ ነው፣ ቀኙ ይብሳል፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ማስተካከል) ላሠራ ወይስ ጎማ ልቀይር» ብለሃል። ለጊዜው ሁለቱንም አታድርግ። እኔ ሁለቱንም አድርጌ ከጎማው በላይ የተበላሁት ራሴ ነኝ።

የእኔም ያው ያንተው ዓይነት ናት። ሞተሯ ፋይቭ ኤል፣ ፊቷ ቶርሽን ባር፣ ማለትም በሞላ ፈንታ እየተጠመዘዘ የሚሸከማት ብረት። ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አንዳንዴም ጢስ ዓባይ እመላለሳለሁ። ሩዝ እጭናለሁ። ክረምት ላይ የፎገራ መረሬ ጭቃ ምን እንደሚሠራ ለአንተ አልነግርህም።

1. መጀመሪያ በእጅህ ዳስሰው። መዳፍህን የጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አስኪደው፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ መልሰው። በአንዱ በኩል ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘህ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ አይደለም፣ እየተጎተተም ነው። ቶ የሚሉት፣ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁለቱም ከውስጥ ካለቁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ወደ ውጭ ተከፍተዋል። አንዱ ብቻ ልስልስ ብሎ ቢያልቅ ኖሮ ካምበር ነው፣ ማለት ጎማው ከላይ ወደ ጎን አዘንብሏል፣ እልህ ነበር።

2. ነፋስ። የአንዱ ጎማ ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ነፋስ አንሶታል፣ መሀሉ ካለቀ በዝቶበታል። ያንተ ይህ አይደለም፣ እለፈው። ብቻ ጠዋት መንገድ ሳትጀምር ለካው። ከወረታ በፀሐይ መጥተህ ጎሚስታ ጋ ብትለካው የምታነበው የሞቀ ነፋስ ነው። የጎሚስታውን መለኪያም አትመን፣ የራስህን ግዛ።

3. አላይመንት። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

አምና ከፋሲካ በፊት ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ፊት አስገጠምኩ። በዚያው ቀን አላይመንት አሠራሁ። ማሽኑ ሁሉም ልክ ነው ብሎ አረንጓዴ አሳየ፣ ልጁ ወረቀት አትሞ ሰጠኝ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሐምሌ ላይ የቀኙ የውስጥ ጠርዝ ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረውም። ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩ። ስም አልጠራም። ባለቤቱ ግን ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። ስልኩን እያየ «ማሽን አይሳሳትም። ወይ ጎማህ ነው ወይ አነዳድህ ነው» አለኝ። አነዳድህ! ሃያ ዓመት መሪ የያዝኩ ሰው ነኝ። እስቲ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩልኝ ብለው «እኛ መካኒክ አይደለንም» አለ። እንደገና አስከፍሎ ማሽኑ ላይ አወጣት። እንደገና አረንጓዴ።

እኔም ሞኙ አመንኩት። ጎማው ነዋ! በቀጥታ ጎማ ሻጩ ጋ ሄጄ ፌክ ሸጥክልኝ ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። ሰውየው «መኪናዋን በደንብ አሳያት» ከማለት ሌላ አልመለሰልኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የመሪውን ቁልፍ ከፍቼ ልጄን መሪው ላይ አስቀመጥኩት። ግራ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ነቅነቅ አድርገው አልኩትና ጆንያ ዘርግቼ ከሥር ገባሁ። ጣቴን የቀኙ ቴስቲኒ ላይ፣ የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚጋጠምበት ላይ፣ አሳረፍኩ። መሪው ሲዞር ዘንጉ ይሄዳል፣ ጎማው ግን ባለበት ነው። ከዚያ ጠቅ። ከዚያ ነው ጎማው የሚከተለው። የቴስቲኒው ላስቲክ ተቀዷል። ውስጡ ግሪስ የለም፣ የደረቀ ጭቃ ነው። ግራውም ጀማምሮታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ማሽን ላይ ቆማ ሳለ የላላው ቴስቲኒ ባለበት ይቀመጣል፣ ማሽኑም ያየውን ይናገራል። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን አስፋልቱ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ላላ ያለው ሁሉ ይሄዳል፣ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ የውስጥ ጠርዙ ይፈጫል። ማሽኑ አልዋሸም። የላላ ነገር ላይ የለካው ሰውዬ ነው ጥፋተኛው። ደህና አላይመንት ሠሪ ክሪክ አስገብቶ ሳይነቀንቅ ማሽኑን አይነካም።

በየጎኑ ሁለት ሁለት ነው፣ አራቱንም ቴስቲኒ ቀየርኩ። ያወጣሁት ብር የአንድ ጎማ ዋጋ አይሞላም። ከዚያ ሌላ ቦታ ወሰድኳት። ሰውየው ገና ሰላም ሳይለኝ ከሥር ገባ፣ ያኔ ልቤ ረጋ።

አንተም በመሪው ከሞከርክ በኋላ በክሪክ አንሳት። ክሪክ ብቻ አምነህ ግን ከሥር እንዳትገባ፣ ድጋፍ አድርግላት። ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ወይም ቦል ጆይንት (ጎማውን ከአርሙ የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ነው። ጎማውን ከላይ የሚይዘውን ክንድ፣ የላይኛውን አርም፣ ጎሚኒም (የመጋጠሚያውን ላስቲክ) እየው። እሱ ከደቀቀ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ያንተ ቀኙ የባሰው በዚህ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ለክረምቱ ብለህ ቶርሽን ባሩን አስጠብቀህ ፊቷን ከፍ አስደርገሃል? እኔ አስደርጌ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ቁመቷ ሲለወጥ የጎማው አቋቋምም ይለወጣል። መጀመሪያ ቁመቷን ወስን፣ ከዚያ የላላውን ቀይር፣ አላይመንቱ መጨረሻ ላይ ይሁን። ጎማህ ሽቦ ካሳየ ግን ይህን ሁሉ አትጠብቅ፣ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አስገባና ያንን ጣለው።

አሁን ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄጃለሁ። መሀል ላይ የፊቱን ከኋላው አለዋወጥኩ፣ መዳፌን ሳስኬደው ምንም አይይዘኝም። ጎማ ሻጩን ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ሱቁ ጋ ስደርስ መስታወት ዘግቼ ነው የማልፈው። የኋላዎቹ ሲያልቁ ከእሱ ነው የምገዛው፣ ያኔ እነግረዋለሁ።