ጥያቄና መልስ፦ ምድርን ያሞቃት ሰው ነው ብሎ ማመን እምነት ማጉደል ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ከርመዋል፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፣ ቤተሰቦቼ ጎማ ወረዳ የቡና ማሳ አላቸው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አሜሪካ ነው ያለው። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ታናሽ እህታችን (ግብርና ነው የምታጠናው) ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር አንድ ነገር ፖስት ስታደርግ እሱ ተቆጣ፣ ይሄ የዴሞክራቶች ፖለቲካ ነው፣ ሰው የእግዚአብሔርን ሰማይ ሊለውጥ አይችልም፣ ዘፍጥረት 8፥22 ላይ በጋና ክረምት አያቋርጡም ተብሎ ተጽፏል፣ ሰው ነው ያሞቀው ብሎ የሚያምን እምነት የለውም አለ። ደግሞ በዚህ ሰበብ አውሮፓ ቡናችንን ሊያግድ ነው አለ። ከዛ ተሰዳደብን፣ እኔም ዝም አላልኩም፣ ይኸው ከተኮራረፍን ከርመናል። አንደኛ እንደዛ ብሎ ማመን ኃጢአት ነው ወይ? ሁለተኛ ከሱ ጋር እንዲህ ሆኜ መቁረብ እችላለሁ? ሦስተኛ በሰንበቴ ማኅበራችን ችግኝ እንትከል ሲባል አንዳንዶቹ ፖለቲካ ነው ብለው እምቢ አሉ፣ ምን ይሻላል? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እህቴ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ።

በአጭሩ ኃጢአት አይደለም፣ እምነት ማጉደልም አይደለም። ምድርን ማን አሞቃት የሚለው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ የለም፣ ሰው ይሄን ተቀበለ አልተቀበለ ብለን ከቅድስት ቤተ ክርስቲያን አንለየውም። ይልቅ የሚያስጠይቀው ሌላ ነው፣ ሳያጣሩ እውነት ነው ብሎ ማሰራጨት፣ እና "እምነት የለህም" ብሎ በወንድም ላይ መፍረድ። ይሄ ለወንድምሽም ለእናንተም ነው።

ወደ ጥቅሱ እንምጣ። ቃሉ የተነገረው ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ መሥዋዕት ካቀረበ በኋላ ነው። "ምድር በምትኖርበት ዘመን ሁሉ፣ መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት፣ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም" ይላል፣ እናምነዋለን። ግን ዝናብ አይዘገይም አላለም፣ ድርቅ አይመጣም አላለም፣ ሰው ምንም ቢያደርግ ምድሪቱ አትጎዳም አላለም። እዛው መጽሐፍ ላይ ትንሽ ገፋ ብትይ ምዕራፍ 12 ላይ አባታችን አብርሃም ራብ ጠንቶበት ወደ ግብፅ ሲወርድ ታገኚዋለሽ፣ ምዕራፍ 41 ላይ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ራብ አለ፣ ቃል ኪዳኑ ግን እንደጸና ነው። እኛም ሀገር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ በጋና ክረምት መፈራረቃቸውን አላቋረጡም፣ ወገናችን ግን አለቀ። ስለዚህ ይሄን ቃል "ምንም አንሆንም" ለማለት የሚጠቅስ ሰው ቃሉ ያልገባውን ቃል እያስገባው ነው። ዮሴፍን እዪው እስኪ፣ ራቡ እንደሚመጣ እግዚአብሔር ሲገልጽለት እሱ ያውቃል ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፣ በጥጋቡ ዘመን ከእህሉ አምስተኛው እጅ እንዲከማች ነው ያደረገው።

"ሰው የእግዚአብሔርን ሰማይ ሊለውጥ አይችልም" የሚለው ደግሞ ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ግን መጽሐፍ እንደዛ አይልም። ገና ዘፍጥረት 3፥17 ላይ ለአዳም የተነገረው "ምድር ከአንተ የተነሣ የተረገመች ትሁን" ነው። ሆሴዕ ምዕራፍ 4 ላይ ሕዝቡ ሲዋሽ፣ ሲገድል፣ ሲሰርቅ ምድሪቱ እንደምታለቅስ፣ የዱር አራዊትና የሰማይ ወፎች የባሕር ዓሦችም ሳይቀሩ እንደሚጠፉ ተጽፏል። ራእይ 11፥18 ላይ እግዚአብሔር "ምድርን የሚያጠፉትን" እንደሚያጠፋ ይናገራል። ሰው ምድርን ማጥፋት ካልቻለ ይሄ ለማን ተጻፈ? በኛ ዕድሜ የታየም አለ፣ ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ ይገባ የነበረ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ የኦዞንን ሽፋን ሲያሳሳው ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሞንትሪያል ላይ ተስማምተው ጋዙን እየቀነሱ መጡ፣ ሽፋኑም ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። የጎዳውም ሰው ነው፣ እንዲያገግም ያደረገውም ሰው ነው፣ በዚህ የእግዚአብሔር ሥልጣን አልተነካም።

አሁን እውነቱ ራሱ ምንድነው ብትይኝ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ነኝ እንጂ ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ግን ይሄ ተደብቆ የተያዘ ነገር አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በሙከራ ታውቋል፣ ያኔ ዛሬ የምንሰማው የፓርቲ ጭቅጭቅ አልነበረም። ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ገደማው ይሄ ጋዝ ነበር፣ ዛሬ ከ420 አልፏል፣ ሃዋይ ማውና ሎዋ ላይ ከ1958 ጀምሮ እየተለካ ነው። ጭማሪው ከየት መጣ ለሚለውም መልስ አለ፣ ከመሬት ሥር የወጣ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በጣም ያረጀ ስለሆነ ካርቦን 14 የሚባለው ውስጡ አልቋል፣ አየሩ ውስጥ የገባው ካርቦን ሲመረመር ይሄው ምልክት ይገኝበታል። ፀሐይ ናት የሚሉም አሉ፣ የፀሐይ ጉልበት በሳተላይት መለካት ከጀመረ አሥርት ዓመታት ሆነዋል፣ በነዚህ ዓመታት አልጨመረም፣ ምድር ግን እየሞቀች ነው። ደግሞ ፀሐይ ብትሆን የላይኛውም የታችኛውም አየር አብሮ መሞቅ ነበረበት፣ የሆነው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው መቀዝቀዝ ነው፣ ጋቢ ደርበሽ ስትተኚ ከጋቢው ሥር ሞቆሽ ከላይ ያለው አየር እንደሚቀዘቅዘው በይው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰባሰቡት የዓለም ሳይንቲስቶች በ2021 ባወጡት ሪፖርት ሰው ምድርን እንዳሞቃት የማያጠራጥር ነው ብለዋል፣ ሙቀቱም ያኔ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ጨምሮ ነበር። የዚህን ተቋም የሳይንስ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች ዘመን ከመሩት አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ሆተን በግልጽ የሚያምኑ ክርስቲያን ነበሩ፣ ይሄን ለወንድምሽ ንገሪው፣ ክርስትናና ይሄ ዕውቀት አንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖረዋል።

ታዲያ ጠቡ ከየት መጣ? ጠቡ ከአሜሪካ ፖለቲካ ነው የመጣው፣ እኛ ቤት የደረሰው ተጭኖ ነው። ድሮ እዛም እንዲህ አልነበረም፣ በ1992 ሪዮ ላይ የአየር ንብረት ስምምነቱን የፈረሙት የሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ናቸው፣ በ1989 ተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆመው ሰው አየሩን እያበላሸው ነው ብለው ያስጠነቀቁት የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዋ ማርጋሬት ታቸር ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ኬሚስትሪ የተማሩ ነበሩ። በኋላ ግን ነገሩ የፓርቲ ባንዲራ ሆነ። በ2015 የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ የበረዶ ኳስ ይዘው ምክር ቤት ገቡ፣ ይኸው ብርድ አለ ለማለት። እኚሁ ሴናተር ናቸው ዘፍጥረት 8፥22ን እየጠቀሱ ሰው የአየር ንብረትን ይለውጣል ማለት ትዕቢት ነው ይሉ የነበሩት። ከዛም አሜሪካ በ2017 ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እወጣለሁ አለች፣ በ2021 ተመለሰች፣ በ2025 እንደገና እወጣለሁ አለች። እህቴ ወንድምሽ እዛ ሀገር ሲኖር ጠዋት ማታ የሚሰማው ይሄን ነው፣ በዙሪያው ያሉ ደጋግ አማኞች አንዱን ፓርቲ ከሃይማኖታቸው ጋር አንድ አድርገው ያዩት ይሆናል፣ እሱም ከነሱ ጋር ነው የሚጸልየው የሚሠራው፣ ስለዚህ ክፉ ልብ ስላለው ነው ብለሽ አትቸኩይ።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ እሱም እውነት አለው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ሰው ነው ያሞቀው ማለት አንድ ነገር ነው፣ እንግዲህ ዕዳውን ማን ይክፈል የሚለው ሌላ ነው። ሁለተኛው ላይ መከራከር ይቻላል፣ መከራከርም ያስፈልጋል። ሀብታም ሀገሮች በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ለድሆች ሀገሮች በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናቀርባለን ብለው (ያኔ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት አቶ መለስ ነበሩ) በቀኑ አላደረሱትም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ደግሞ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አላስገባም ይላል፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢገፋም። ደን ይጠበቅ ማለቱ መልካም ነው፣ ግን ትንሽ ማሳ ያለው የጎማ ገበሬ የማሳውን መገኛ በጂፒኤስ አስለክቶ ማስረጃ አምጣ ሲባል ወጪውን ማን ይሸፍናል? ወንድምሽ የሚያናድደው ይሄ ከሆነ ንዴቱ የፍትሕ ጥያቄ ነው፣ አብራችሁት ቁሙ። ግን ሕጉ ከበደን ብሎ ሙቀቱ ውሸት ነው ማለት አይሆንም፣ ሁለቱን ለዩለት።

ምክንያቱም ሙቀቱ የሚነካው እናንተን ነው። በኛ ሀገር አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ቡና ደግሞ ያውቃል። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል እንቡጡ በአንዴ ይፈነዳል፣ ማሳው ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል፣ ከዛ ዝናቡ ብቅ ብሎ ከጠፋና ፀሐዩ ከበረታ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ቡናማ ሆኖ ይረግፋል፣ ለአንድ ዓመት ተስፋ የተደረገው ነገር መሬት ላይ ነው። ወይ ደግሞ ለቀማ ደርሶ እሸቱ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እያለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመጣል፣ እናቶች ሸራ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ያልተሸፈነው ይሻግታል። በ2017 የታተመ ጥናት ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገልጿል፣ ወደ ደጋው መውጣትና ጥላ መጠበቅ ጉዳቱን ሊቀንስ እንደሚችልም ጭምር። ይሄን የሚያነብ የጅማ ልጅ ልቡ ካልተነካ ምን ይነካዋል?

እና ደግሞ የሰው እጅ አለበት ማለት እኔን ተስፋ አያስቆርጠኝም። ሰው ንስሐ የሚገባው ባደረገው ነገር ነው። የሰው እጅ የሌለበት መቅሠፍት ብቻ ቢሆን የቀረልን ምህላ ነበር፣ እጃችን ካለበት ግን ምህላውም አለ፣ እጅን መሰብሰብም አለ። ሸክሙ እኩል አይደለም፣ ለዘመናት ከሰል ያነደደው ሀገርና የጎማ ገበሬ አንድ ላይ አይቆሙም፣ ቢሆንም እኛም ደን መንጥረናል፣ ለከሰል ቆርጠናል፣ የኛን ድርሻ ደግሞ እኛ እንናዘዛለን።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ለኔ ከሁሉም ይከብዳል። ጌታ በማቴዎስ 5፥23 ላይ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ካሰብህ መባህን እዛው ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ነው ያለው። በቅዳሴም ዲያቆኑ ተአምኁ በበይናቲክሙ ሲል እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፣ ያኔ አጠገብሽ ያለውን ሰላም ብለሽ አሜሪካ ያለውን ቋጥረሽ አትቁረቢ። ደውይለት። ግሩፑ ላይ አይደለም፣ ጽፈሽም አይደለም፣ በድምፅ፣ የሱ ሌሊት እንዳይሆን ሰዓቱን አይተሽ። ለስድቡ ይቅርታ ጠይቂው፣ ላመንሽው ነገር ግን ይቅርታ መጠየቅ አይጠበቅብሽም፣ እሱም ሐሳቡን ካልቀየረ አልታረቅም አትበይ። ክርክሩን በዛው ስልክ አትጀምሪው፣ መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ጠይቂው። ስልክ ባያነሳ ወይ ቢዘጋብሽ የሮሜ 12፥18 ቃል አለ፣ "ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ" ነው፣ ያንቺን አድርገሻል፣ ከዛ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እሳቸው እንደሚሉሽ ሁኚ። ታናሽ እህትሽም የሰደበችው ካለ እሷም ትደውል፣ ታናሽ ናትና።

ችግኙን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ስትጸልይ ኖራለች፣ አዳም ገነትን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ እንደተሰጠው ዘፍጥረት 2፥15 ላይ አለ፣ ይሄ የየትኛውም ፓርቲ ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት ነው። ፖለቲካ ነው የሚሉትን ወገኖች በግድ አታምጧቸው፣ ባነር ላይ መፈክር አትጻፉ፣ የባለሥልጣን ፎቶ አትስቀሉ፣ ያኔ ብዙዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ዛፍ መትከል ብቻውን ዓለም የምታነደውን ከሰል አያካክስም፣ ለሰው እንደዛ ብላችሁ አትንገሩ፣ ምንጩንና አፈሩን ግን ያድናል፣ ጥላም ይሆናል። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ እንዳትተክሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዝግባና ወይራ፣ ማሳ ዳር ዋንዛና ሰሳ፣ ለቡና ጥላ ይሆናሉ። ምንጩ የጋራ ስለሆነ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ፣ እነሱም ውኃ ከዛው ነው የሚቀዱት። ቦታውን ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ፣ ጉድጓዱን ቀደም ብላችሁ ቆፍሩና ሐምሌ ላይ ትከሉ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ውኃ የሚያጠጣ ተረኛ በስም ሳትመድቡ ግን አትጀምሩ።