ልጅዎ ለፋፍሳ ማጣሪያ ተመርጣ ከሆነ፣ ከመላክዎ በፊት የታክስ ወረቀትዎን ይመልከቱ

እህቴ፣ የልጅዎ ፋፍሳ (ለኮሌጅ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበት ማመልከቻ) ለቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ለማጣሪያ፣ መመረጡን ኮሌጁ ሲያሳውቃችሁ «ያጠፋነው ነገር ይኖር ይሆን? የታክስ ወረቀት ብቻ ብንልክስ ይበቃል?» ብለው የጠየቁትን አነበብኩ። መመረጥ ክስ አይደለም፤ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከአመልካቾች መካከል የተወሰኑትን ይመርጣል፣ ኮሌጁም በራሱ ሊመርጥ ይችላል። ሆኖም ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ ለ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ሊያዝባችሁ ስለሚችል ዛሬውኑ ይጀምሩ።

1. የተመረጠችበትን ምድብ ይወቁ። ቪ1 ከሆነ የሚጣራው በዋናነት ገቢ፣ የተከፈለ ታክስና የቤተሰብ ብዛት ነው። ቪ4 ማንነትን የሚመለከት ሲሆን ቪ5 ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ለእነዚህ ልጅዎ መታወቂያዋን ይዛ የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ፊት ትቀርባለች፣ መቅረብ ካልቻለች ደግሞ በኖተሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) ፊት የተፈረመ ማስረጃ ትልካለች።

2. የቤተሰብ ብዛት ላይ ይጠንቀቁ። ከወላጆችና ከልጆች ውጭ የሚቆጠረው አብሯችሁ የሚኖርና ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትሸፍኑለት ሰው ብቻ ነው። አገር ቤት ላሉ እናትዎና ወንድሞችዎ በየወሩ ቢልኩም አይቆጠሩም። ይህ ለእኛ ሰው መራራ ቢሆንም ደንቡ እንዲህ ነው።

3. ታክስን በተመለከተ፣ ከ2024–25 ጀምሮ ፋፍሳው ላይ ፈቃድ ስትሰጡ መረጃው ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) በቀጥታ ስለሚተላለፍ ነገሩ ቀሏል። ባልና ሚስት ለየብቻ ካስገባችሁ ግን ሁለታችሁም ፈቃድ መስጠት አለባችሁ። እኛን ያስጨነቀን ነገር የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ታክስ የሚሠራልን ሰው፣ ተጋብተን በአንድ ቤት እንደምንኖር እያወቀ፣ እኔንም ባለቤቴንም ለየብቻ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (እንደ ላላገባ ሰው የሚቆጠር የቤተሰብ ኃላፊ) አድርጎ አስገብቶን ነበር። ፋፍሳው ላይ ደግሞ ባለትዳር መሆናችንን በእውነት ሞልተናል። እንዲህ ያለ ግጭት ሲገኝ ኮሌጁ ሳይፈታው ገንዘብ መልቀቅ አይችልም፤ ይህን አልቃወምም።

የምቃወመው የተናገሩንን አነጋገር ነው። ጉዳያችንን የያዘችው የኮሌጁ እርዳታ ቢሮ ሠራተኛ፣ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም መያዛችንን አይታ «ቤተሰብ መሆናችሁን በምን ልመን?» አለችን፤ ያውም ልጄ አጠገቤ ቆማ። በባህላችን የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት መጠሪያ እንደሆነ፣ ሚስትም ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያይዤ አስገባሁ። ያቺን ገጽ በመጻፌ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ የስም ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። እርስዎም ሳይጠየቁ አዘጋጅተው ይቆዩ።

ታክሱን በ1040-ኤክስ (የገባ ታክስ በሚታረምበት ቅጽ) አስተካክለን የጋራ ስናደርገው ተመላሽ የወሰድነውን ገንዘብ ከነወለዱ መለስን፤ የሠራልን ሰው ደግሞ ስልክ ማንሣት አቆመ። በዚህ ላይ ሠራተኛዋ «አይአርኤስ ማስተካከያውን ጨርሶ እስኪመልስላችሁ ጠብቁ» አለች፤ ይህም ወራት ሊወስድ የሚችል ጉዳይ ነው። ልጄ ግን ለኮሌጆች የወጣውን የፌዴራል የተማሪ እርዳታ መመሪያ ገልጣ፣ ለአይአርኤስ የገባው 1040-ኤክስ የተፈረመበት ቅጂ ከመጀመሪያው ታክስ ማስረጃ ጋር በቂ መሆኑን አገኘች። ክፍሉን ጠቅሳ በራሷ እጅ ለቢሮው ኃላፊ ጻፈች፣ እርሱም ተቀበለው። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቢሮውን የራሱን ደንብ ስታስታውሰው ማየት ያኮራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የሁለታችሁንም 1040 (የዓመቱን የታክስ ቅጽ) አውጥተው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የትኛው የትዳር ወይም የቤተሰብ ሁኔታ ምልክት እንደተደረገበት ይመልከቱ። አብራችሁ እየኖራችሁ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» የሚል ካለ፣ ኮሌጁ ሳይጠይቃችሁ ሌላ ባለሙያ ጋር ሄዳችሁ አስተካክሉ። ትራንስክሪፕት (የገባው ታክስ ማጠቃለያ) ቢጠየቁ ከአይአርኤስ በነጻ የሚገኝ ነውና ለማንም አይክፈሉ። በቃል የሚነገርዎትን ሁሉ በኢሜይል እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። የትምህርት ክፍያው ቀን ከቀደመም፣ እርዳታው በማጣራት ላይ መሆኑን ገልጸው የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምላት ገንዘብ ተቀባይ ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እኛ ይህን በማድረጋችን የልጄ ምዝገባ አልተሰረዘም።